የደጋ ዓይንና የቆላ መሬት

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ መነሻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለሚኖር ሰው መሬት ሲቆፈር ማየት ብርቁ አይደለም። ለጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ለመጋዘኖችና ለመንገዶች ሲባል ዋልካው ከሥሩ ይነሣል፤ በምትኩ ገረጋንቲ ይሞላል፤ የወጣው ጥቁር አፈር ደግሞ በሲኖ እየተጫነ ቅርብ ባለ ገደላማ ቦታ ይደፋል። የግንባታ ሰው ዋልካን አይወደውም፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ መሠረት አይሸከምም። እኔ የተማርሁት የአፈር ትምህርት ስለሆነ ይህን ጠባዩን የማየው በሌላ በኩል ነው። የሚያብጥና የሚሰነጠቅ አፈር ራሱን በራሱ የሚያርስ አፈር ነው፤ ከባድ መኪና ተመላልሶበት የጠጠረ ዋልካ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት እየተሰነጠቀ፣ እየተፈረፈረ እንደገና ይከፈታል። በዚያ ላይ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድበታል። መስከረም ሲጠባ ባለፈው በጋ የተተወ የቁፋሮ ዳርቻ ሁሉ ሣር ለብሶ፣ አደይ አበባ ፈንድቶበት ይታያል።

እንዲህ ባለ መሬት ላይ ያደገ ሰው፣ መሬት ከተተወ ይድናል የሚል እምነት ሳያስበው ያድርበታል። እምነቱ ለሜዳማውና ጥልቅ አፈር ላለው ደጋ ባብዛኛው ልክ ነው፤ ወደ ቆላ ሲወሰድ ግን ጉዳት ያደርሳል። በሶማሌ ክልል፣ በአፋርና በስምጥ ሸለቆ የሚተከሉት የነፋስ ተርባይኖችና የፀሐይ ፓነሎች ውላቸው የሚፈረመው፣ ዲዛይናቸው የሚጸድቀው፣ የአካባቢ ጥበቃ ሰነዳቸው የሚገመገመው በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው፤ በጠረጴዛው ዙሪያ የምንቀመጠውም በብዛት የዝናብ አገር ሰዎች ነን። ግንባታው ሲያልቅ የተቆፈረው መሬት ምን እንደሚሆን ሲጠየቅ «ዝናብ ሲመጣ ያገግማል» የሚለው መልስ በስብሰባ ላይ በቅን ልቦና ሲሰጥ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው መልሱ ለምን እንደማይበቃ በዝርዝር ለማስረዳት ነው።

ነፋስንና ፀሐይን ለመቃወም እየጻፍሁ እንዳልሆነ ግን አስቀድሜ ልናገር። ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚመነጭ ነው፤ ዝናብ ሲያጥር ግድብ ይጎድላል፣ ግድብ ሲጎድል መብራት ይጠፋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የግድቦች ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ የታደለበትን ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው አይረሳውም። ደረቅ ወቅት ማለት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለበት፣ በብዙ ሥፍራም ነፋሱ የሚበረታበት ወቅት በመሆኑ፣ ነፋስና ፀሐይ ውኃው የጎደለበትን ጊዜ ይሞላሉ። ከመንገዱ ማዶ ጋራው ላይ የሚታዩት የአዳማ ተርባይኖች፣ በ2012 የተጠናቀቀው 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተጠናቀቀው 153 ሜጋ ዋት፣ ይህን አስተሳሰብ በሥራ ያሳዩ ናቸው። ከእነርሱ በኋላ ሥራው ወደ ጅቡቲ ድንበር ተጠግቶ በሶማሌ ክልል አይሻ ላይ 120 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተተከለ። አካሄዱ ግልጽ ነው፤ ነፋስም ፀሐይም የሚበረክቱት መሬቱ ገላጣና ደረቅ በሆነበት ሥፍራ ስለሆነ፣ የሚቀጥሉት ዓመታት ግንባታ ወደ ቆላው እየወረደ መሄዱ አይቀርም። ለዚህም ነው ጉዳዩ ዛሬውኑ መነሣት ያለበት ብዬ የማምነው።

የነፋስ ተርባይን ተተክሎ ሲታይ የያዘው መሬት ጥቂት ነው፤ አንድ ምሰሶ፣ በዙሪያው ጥቂት ጠጠር። ምሰሶውን ለማቆም የተረበሸው መሬት ግን ከዚያ እጅግ የሰፋ ነው። ረጅሙን ክንፍ የጫነ ተሳቢ የሚታጠፍበት ሰፊ መንገድ ያስፈልጋል፤ ክሬኑ የሚቆምበት የተደለደለና የተጠቀጠቀ ሜዳ፣ ገመዱ የሚቀበርበት ቦይ፣ ገረጋንቲ የሚወጣበት ጉድጓድ፣ የሠራተኞች ካምፕ፣ የኮንክሪት ማደባለቂያ፣ መኪኖቹ በየራሳቸው ፈቃድ የሚያወጧቸው አቋራጮችም አሉ። በሰነድ ላይ «ጊዜያዊ» ተብሎ የሚመዘገበው ይህ ሁሉ ነው። በቆላ ምድር ጊዜያዊ የሚለው ለግንባታው ዕድሜ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ለመሬቱ አይሠራም።

ለዚህ የታወቀ ማስረጃ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1944፣ የአሜሪካ ጦር በጄኔራል ፓተን አስጀማሪነት በካሊፎርኒያና በአሪዞና በረሃ ታንከኞቹን አሠልጥኖ ነበር። ሠራዊቱ ከሄደ ከሰማንያ ዓመት በኋላም የታንኮቹ ዱካ በሞሃቬ በረሃ በብዙ ቦታ እስከ ዛሬ ይታያል። መሬቱን ዳግም ያረሰው የለም፤ ቤትም አልተሠራበትም፤ ዝም ብሎ ተተወ። እንደ ዋልካ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ አፈር ስላልነበረ፣ የተጠቀጠቀውን የሚከፍት ዝናብም ስላልበቃው ዱካውን ይዞ ቀረ።

የሚጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በደረቅ አገር፣ በቁጥቋጦና በቁጥቋጦ መካከል ያለው ባዶ የሚመስል አፈር በብዙ ሥፍራ ሕያው ቅርፊት አለው። ቅርፊቱን የሚሠሩት ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት፣ ከእነርሱም ጋር የድንጋይ ሽበት (ላይከን) እና ሞስ የሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ሳይኖባክቴሪያው ዝናብ ሲነካው ከሚያጣብቅ ሽፋኑ ወጥቶ ወደ ላይ ይንቀሳቀሳል፤ አፈሩ ሲደርቅ ደግሞ ያለበት ላይ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ትቶት የሄደው ሽፋን ግን የአሸዋውን ቅንጣቶች እንደ ድር አስተሳስሮ ይይዛቸዋል። ይህ ቅርፊት ነፋስ አፈሩን እንዳያነሣ ይከላከላል፣ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል፣ በብዙ ሥፍራም ዘር የሚያርፍበት ጉብጥብጥ ገጽ ይፈጥራል። በአሜሪካ በዩታ በረሃ ለአሥርተ ዓመታት ያጠናችው ጄይን ቤልናፕና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ደረቅ ቅርፊት በጫማም ሆነ በጎማ ሲረገጥ ይፈረፈራል፤ ሳይኖባክቴሪያው ለመመለስ ዓመታት ወይም አሥርተ ዓመታት ይወስዳል፣ የድንጋይ ሽበቱና ሞሱ ደግሞ ከዚያም በጣም የረዘመ ጊዜ ይፈልጋሉ። ድንጋያማ በሆነው ቆላችን ደግሞ ሌላ ጋሻ አለ፤ ጠጠሩ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ከላይ ተነጥፎ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ አፈር ይጠብቀዋል። ግሬደር አንድ ጊዜ ካለፈበት ያ ደቃቅ አፈር ፊቱን ለነፋስ ይሰጣል። በካምፕ አካባቢ የሚነሣው የማያባራ አቧራ የበረሃው ተፈጥሮ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው፤ ከመኪኖቹ በፊት ግን እንዲያ አልነበረም።

በምሥራቁ ቆላ በአንድ የኃይል ፕሮጀክት ላይ በሠራሁበት ጊዜ የማደርገው ቀላል ፍተሻ ነበር። የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጬ፣ ሁለት ጣት ያህል ወደ አፈሩ በመዶሻ እመታዋለሁ፤ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውኃ አፈስበታለሁ። ግራሩ ሥር የመታሁት የውኃ ፕላስቲኩን ክዳን ሳልመልስ ውኃውን ጠጥቶ ጨረሰ። ከዚያ ጥቂት እርምጃ ርቆ ሲኖ የተመላለሰበት ዱካ ላይ የመታሁት ግን፣ ከሠራተኞቹ ጋር ሻይ ጠጥተን ስንመለስም ውኃው ፀሐይ እያብለጨለጨበት ከነሙላቱ ነበር። የዶዘሩ ኦፕሬተር፣ ወጣት የሞጆ ልጅ፣ ተንበርክኮ ውኃውን በጣቱ ነካውና «ኢንጂነር፣ ይሄማ ዘር ቢበተንበትም አይበቅልም» አለ። እኔ በሪፖርት ብዙ ገጽ የምጽፍበትን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰው። ከዚያም መሬቱ እንዲከፈት የዶዘሩን የኋላ ጥርስ፣ ሪፐሩን፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚስብ አሳየኝ፤ ቁልቁል ከተሳበ ጎርፍ መንገድ ያገኛል፣ አግድም ከተሳበ ግን እያንዳንዱ ስንጥቅ ውኃ ይይዛል። አፈሩ ደረቅ እያለ ቢሠራ እንደሚሰባበርና እርጥብ ከሆነ ግን ጥርሱ ሰንጥቆት ብቻ እንደሚያልፍ በልምዱ ያውቅ ነበር፤ ይህም በመጽሐፍ ከሚገኘው ጋር አንድ ነው።

መልሶ ማልማት ሲባል በእኛ አገር ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ችግኝ መትከል ነው። ከ2019 ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ክረምት በመጣ ቁጥር ሕዝቡ ጉድጓድ እየቆፈረ ችግኝ ሲተክል ኖሯል፤ በእንጦጦና በሱሉልታ ዙሪያ ዝናብ ለሚያገኝ ችግኝ ይህ መልካም ነው። ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በሚወርድበት መሬት ግን ከደጋ ችግኝ ጣቢያ በላስቲክ የመጣ ችግኝ የሚኖረው ቦቴ ውኃ እስካመላለሰለት ድረስ ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ቦቴው ይሄዳል፤ ችግኙ ይደርቃል፤ በሪፖርቱ ላይ ግን የተተከለው ቁጥር ተመዝግቦ ይኖራል። በረሃን የማዳን ሥራ ትልቁ ክፍል የሚሠራው ተክል ከመታሰቡ በፊት ነው።

መጀመሪያ የሚመጣው ላይኛው አፈር ነው። በደረቅ አገር የተከማቸው ዘር በብዛት የሚገኘው በላይኞቹ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ውስጥ ነው፤ ከሥር ጋር ተባብረው የሚኖሩት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎችም የሚበዙት እዚያው ነው። ስለዚህ ዶዘሩ ከመግባቱ በፊት ይህ ስስ ሽፋን ለብቻው ተገፎ መቀመጥ አለበት፤ ከሥሩ ካለው ጠጠርና ድንጋይ ጋር ከተደባለቀ ዘሩ ጥልቅ ተቀብሮ ይቀራል። ሲቀመጥም ከፍ ተደርጎ መቆለል የለበትም፤ በረጅም ክምር ውስጥ አየር ስለማይደርስ ሕይወቱ ያልቃል፣ በቆየ መጠንም ዘሩ ይሞታል። ከሁሉ የሚሻለው ዛሬ ከተገፈፈበት ቦታ ተነሥቶ ሥራው ወዳለቀበት ሌላ ቦታ በቀጥታ መወሰድ ነው። ይህን ለማድረግ ግን የሥራው ቅደም ተከተል በዚያ መልኩ መታቀድ አለበት፤ ዕቅዱን የሚሠራው መሐንዲስ ስለ ዘር ካልተነገረው አያቅደውም።

ከዚያ የተጠቀጠቀውን መክፈት ይመጣል። መሬቱን አስተካክሎ ማለስለስ ለዓይን ያምራል፤ በረሃ ላይ ግን ለስላሳ ገጽ ውኃና ዘር የማይቆምበት ገጽ ነው። ጎርበጥባጣ ሆኖ መተው አለበት። የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያዎች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የሚሠሯቸው ትንንሽ ጉድጓዶች በዚህ ይጠቅማሉ፤ ከላይ የሚመጣውን ጥቂት ጎርፍ አንድ ቦታ ሰብስበው ለጥቂት ተክል ያበቁታል። ከተቆረጠው የግራርና የቁርቁራ ጭራሮ ያልተቃጠለውን መሬቱ ላይ መበተን ደግሞ ነፋስ ያመጣውን ዘር ይይዛል፣ ጥላ ይሆናል፣ ፍየልም ለጊዜው ይከለክላል። በሞሃቬ በረሃ የደረቀ ቅርንጫፍን በተዘጋው መንገድ መግቢያ ላይ እንደ ቆመ ተክል አቁሞ መትከል የተለመደ ሥራ ነው፤ መንገዱ ከዓይን ሲሰወር ተከትሎ የሚገባ ሹፌር አይኖርም። መንገድ ካልተዘጋ ሌላው ሁሉ ከንቱ ስለሆነ ይህን ትንሽ ሥራ በጣም እወደዋለሁ።

ዘር ሲያስፈልግ ደግሞ ከዚያው አካባቢ መለቀም አለበት። የበረሃ ተክሎች ዘራቸውን በአንድ ዝናብ ሁሉንም አያበቅሉም፤ ከፊሉ ይበቅላል፣ ከፊሉ ይጠብቃል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ካታለለ ሁለተኛው እንዲደርስለት። የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ የፈላ ውኃ ወይም የእንስሳ ሆድ ካልነካው ብዙ ጊዜ ይቆያል። ይህን ተፈጥሮ የሚያውቅ ሰው አንድ ዓመት ዘርቶ ውጤት ስላላየ ተስፋ አይቆርጥም።

በቆላችን አንድ ተጨማሪ ሥጋት አለ፤ ፕሮሶፒስ። ይህ የውጭ እሾሃማ ዛፍ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ አፋር የገባው በረሃማነትን ለመከላከል ተብሎ ነበር፤ ዛሬ የአዋሽን ሸለቆ ግጦሽ በሰፊው ወርሶ አርብቶ አደሩን አፈናቅሎታል። ፍሬው ጣፋጭ ስለሆነ ከብቱ ይበላዋል፣ ዘሩንም በፋንድያው ይዘራዋል፤ አዲስ የተቆፈረና የተረበሸ መሬት ደግሞ እጅግ ይስማማዋል። ፕሮሶፒስ ካለበት ሥፍራ የመጣ ማሽን ጭቃውን ሳይታጠብ፣ ገረጋንቲውም ሳይመረመር ወደ ንጹሕ ቆላ ከገባ፣ የኃይል ጣቢያው መንገድ የአረሙ መንገድ ይሆናል። መሬቱ አረንጓዴ ሆነ ብሎ የሚደሰት ጎብኚ እንዳይኖር እሰጋለሁ፤ ከመኪና መስኮት ሲታይ ፕሮሶፒስም አረንጓዴ ነውና።

ሥራው የሚቻል መሆኑን ግን ከሌላ አገር ልምድ አውቃለሁ። ቻይናውያን በ1950ዎቹ የባኦቱ–ላንጆ የባቡር ሐዲድን በተንጋር በረሃ አሸዋ መካከል ሲያሳልፉ፣ ሻፖቱ በሚባለው ሥፍራ ገለባን በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር አራት ማዕዘን እያቆሙ አሸዋው ውስጥ ተከሉ። ገለባው ነፋሱን አዘገየ፤ በማዕዘኖቹ መካከል ቁጥቋጦ ተተከለ፤ ከዓመታት በኋላ ደቃቅ አፈር ተከማችቶ ያ ሕያው ቅርፊት ራሱ ተፈጠረ። ሐዲዱ በአሸዋ ሳይዋጥ ባቡሩ እስከ ዛሬ ይሄዳል። በአሜሪካ በኔቫዳ በረሃ ደግሞ በ2024 ሥራ የጀመረው ጀሚናይ የተባለው 690 ሜጋ ዋት የፀሐይ ጣቢያ ሲገነባ መሬቱን በሙሉ ጠርጎ ከመደልደል ይልቅ ብዙውን ተክል ከነሥሩ ትተው ላይ ላዩን ብቻ አሳጠሩት፤ ግንባታው ካለቀ በኋላ በዚያ ከሚገኙት ብርቅ ተክሎች አንዱ ከቀድሞው በዝቶ በፓነሎቹ መካከል ተገኝቷል። ሁለቱን ምሳሌዎች ሳነጻጽር ሁለተኛው የበለጠ ያሳምነኛል። ሻፖቱ ላይ በሰው እጅ የተደረገው ድንቅ ቢሆንም አሥርተ ዓመታት የፈጀ ነው፤ ኔቫዳ ላይ ግን ትልቁ ሥራ ዶዘሩን መከልከል ነበር።

በአይሻ ዙሪያም ሆነ በሌላው ቆላ መሬቱ የሰው ነው። በካርታ ላይ «ባዶ» ተብሎ የተቀለመው ቦታ ዝናብ የት እንደጣለ እየተከታተለ የሚጓዝ አርብቶ አደር በዓመቱ በተወሰነ ጊዜ የሚያርፍበት ግጦሽ ነው። አንድ አዛውንት በአስተርጓሚ ሲያነጋግሩኝ የጠየቁኝ ስለ ተርባይኑ አልነበረም፤ «የዘጋችሁትን ቦታ መቼ ትከፍታላችሁ? የሚከፍተውስ ማነው?» ነው ያሉኝ። የሚያገግመውን መሬት ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን አጥሩ ስንት ዝናብ እንደሚቆይ፣ በድርቅ ጊዜ ምን እንደሚደረግ፣ ጥበቃውን ማን እንደሚሠራና ደመወዙን ማን እንደሚከፍል ከእኚህ አዛውንትና ከጎሣ ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ ካልተስማሙ አጥሩ የጠብ ምክንያት ይሆናል። የት ምን ሣር ይበቅል እንደነበር፣ የትኛው ተክል ከድርቅ በኋላ ቀድሞ እንደሚመለስ የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው። የዘር ለቀማውን ሥራ የአካባቢው ሴቶች ቢያገኙት ገንዘቡም ዕውቀቱም እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ አዲስ አበባው ጠረጴዛ ልመለስ፤ የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚያ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ቆይቷል፤ ትልልቅ ፕሮጀክቶች የተጽዕኖ ጥናት ያቀርባሉ፤ በጥናቱም ውስጥ የተረበሸ መሬት መልሶ እንደሚለማ ይጻፋል። ከጥናቱ ወደ ውሉ ሲሻገር ግን ይህ ቃል ዋጋ ያጣል። ለቁፋሮ በሜትር ኪዩብ፣ ለኮንክሪት በሜትር ኪዩብ፣ ለመንገድ በኪሎ ሜትር ዋጋ ይቀመጣል፤ ላይኛውን አፈር ለይቶ ለማስቀመጥ፣ የተጠቀጠቀውን ለመክፈት፣ ለዘር፣ ለጥበቃ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ «ሳይት ማጽዳት» በሚለው ውስጥ ተጠቃልሎ ይታለፋል። ኮንትራክተር የማይከፈልበትን ሥራ ካልሠራ የሚያስገርም አይደለም፤ ዋጋ ያላስቀመጥንለት እኛ ነን።

ስለዚህ በማገኘው መድረክ ሁሉ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ የመልሶ ማልማት ሥራ በሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነዱ ላይ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ መለኪያና የራሱ ዋጋ ይኑረው፤ የሚነካውም መሬት ከመነካቱ በፊት ድንበሩ በችካል ይከለል፤ ከችካሉ ውጭ ለገባ ጎማም ቅጣት ይቀመጥ። ሁለተኛው፣ ከክፍያው የተወሰነው ክፍል ግንባታው ሲያልቅ ሳይለቀቅ እንዲቆይ ነው። የሚለቀቅበትም ጊዜ በወር ባይወሰን እመርጣለሁ፤ በቆላ ዝናብ ሳይጥል የሚያልፍ ዓመት ስላለ፣ ቢያንስ ሁለት በቂ ዝናብ ከወረደ በኋላ ይሁን። ሲመረመርም የተተከለው ችግኝ አይቆጠር፤ ማንም ሳያጠጣው ከአፈሩ በራሱ የበቀለው ይቆጠር፣ ቆርቆሮው ይመታ፣ ውኃው መሬቱ ውስጥ ለመስረግ የወሰደበት ጊዜ ካልተነካው ጎረቤት መሬት ጋር ይነጻጸር። መርማሪው ሲሄድም ከአካባቢው ሽማግሌዎች አንዱ አብሮት ይቁም፤ ፊርማውም ከመሐንዲሱ ፊርማ ጎን ይስፈር።